ትራንስጀንደር ታካሚን መመርመር፦ ከካርድ ክፍል እስከ ቀጠሮ፣ በድሬዳዋና በሐረር ለምንሠራ

ይህ መመሪያ በድሬዳዋና በሐረር ጤና ጣቢያዎች፣ ክሊኒኮችና ሆስፒታሎች ለምትሠሩ ነርሶች፣ ጤና መኮንኖች፣ አዋላጆችና ጠቅላላ ሐኪሞች ነው። ትራንስጀንደር የምንለው ሲወለድ የተመዘገበለት ጾታና ራሱን የሚያውቅበት ጾታ የማይገጥሙለትን ሰው ነው። "እንዲህ ዓይነት ሰው እኛ ጋ አይመጣም" የሚል ባልደረባ አይጠፋም። ይመጣል። የሚመጣው ግን በትኩሳት፣ በጨጓራ፣ በሽንት ማቃጠል ወይም ከባጃጅ ወድቆ ነው፤ ማንነቱን እያወራ በር የሚያንኳኳ የለም። ከመናገሩ በፊት ፊታችንን ያነባል፤ ኮሪደሩ ላይ ማን እንደሚስቅ፣ ጥበቃው ምን እንደሚል ያያል። ካልጣመው ካርዱን ጥሎ ይሄድና ፋርማሲ ገብቶ በግምት መድኃኒት ይገዛል።

የምርመራው ደንብ አጭር ነው፦ ለዛሬው ሕክምና የሚያስፈልገውን ሳታፍሩ ጠይቁ፤ የማያስፈልገውን አንዱንም አትጠይቁ፤ ከሰማችሁት ውስጥ ደግሞ ሕክምናው የሚፈልገውን ብቻ ጻፉ። እኛ አገር ሦስተኛው ከሁለቱ ይከብዳል።

ስለ እምነት አንድ ነገር ልበልና ልለፍ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በጉዳዩ ላይ አቋም እንዳለው አውቃለሁ፤ እኔም የራሴ አለኝ። ይህ ጽሑፍ የማንንም አቋም ለማስቀየር አልተጻፈም። የደም ግፊት ለመለካት፣ ቁስል ለማጠብ፣ እርግዝና ለመመርመር ግን ከታካሚው ጋር መስማማት አይጠበቅብንም። ሌባም ሰካራምም እናክማለን፤ ለእነሱ ስብከት ሳናበዛ ለእነዚህ ስናበዛ ይገርመኛል።

ሁለት ነገሮችን አስቀድመን እንለይ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. አጽድቆት ከጥር 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው 11ኛው የበሽታዎች ምደባ፣ ጉዳዩን ከአእምሮ ሕመሞች ምዕራፍ አውጥቶ የወሲባዊ ጤና ጉዳዮች ወደሚገኙበት ምዕራፍ አዛውሮታል። ስለዚህ ታካሚው ትራንስጀንደር መሆናቸው ብቻውን ወደ አእምሮ ሕክምና ለመላክ ምክንያት አይሆንም። ሁለተኛው፣ ሲወለዱ ብልታቸው ወይም ክሮሞዞማቸው ከተለመደው የወንድ ወይም የሴት አፈጣጠር የተለየ ሰዎች ጉዳይ ነው። ሰፈር ውስጥ "ፍናፍንት" እየተባለ በስድብ የሚጠራው ይህኛው ነው፤ የሚጠይቀው ምርመራም ሌላ ነው። ሁለቱን አንድ አድርጎ ማየት ለሁለቱም ታካሚ ጉዳት ነው፤ ቃሉ ደግሞ ከምርመራ ክፍል ይውጣ።

ደረጃ 1፦ ካርድ ክፍሉና ኮሪደሩ

ምርመራው የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ሐኪሙ ጋ ከመድረሱ በፊት ነው። ፋይዳው ወይም የቀበሌ መታወቂያው ላይ የወንድ ስም አለ፣ የቆመችው ሴት ትመስላለች፤ ካርድ ክፍል ያለው ልጅ በመስኮት ሆኖ "ይሄ የማን ነው?" ብሎ ይጮኻል። ወረፋው ሁሉ ዞሮ ያያል። ድሬዳዋ ሰፊ ትመስላለች እንጂ ሰው ይተዋወቃል፤ ከዚራ የታየ ነገር ከሰዓት በኋላ ሳቢያን ይወራል። ሐረር ጀጎል ውስጥማ ግድግዳው ራሱ ዘመድ ነው።

መፍትሔው ርካሽ ነው። ታካሚን ሁሉ በስም ሳይሆን በካርድ ቁጥር ጥሩ፤ "37 ቁጥር" ማለት ለኤችአይቪ ታካሚውም፣ ለፅንስ ማቋረጥ ለመጣችውም፣ ለሁሉም ይጠቅማል። አንድን ሰው ነጥላችሁ የምታደርጉት ስላልሆነ ለማንም አይታወቅም። መታወቂያና መልክ ካልተገጣጠሙ ካርድ ክፍሉ ስሙን በመታወቂያው መሠረት ይመዝግብ፤ በተለይ የጤና መድን ያለው ሰው ስሙ ከመድኑ ጋር ካልገጠመ አገልግሎቱ ይስተጓጎልበታል። ጥያቄ ካለ ጎን ተጠርቶ በዝግታ ይጠየቅ። የካርዱ ሽፋን ላይ ግን ምልክትም፣ ኮከብም፣ በቀይ እስክሪብቶ የተሠመረ ነገርም እንዳይኖር። "ለማስታወስ ያህል" ተብሎ የሚደረግ ምልክት በሁለት ቀን ውስጥ ትርጉሙን የማያውቅ ሠራተኛ አይኖርም።

ከጥበቃውና ከጽዳት ሠራተኛዋም ጋር ተነጋገሩ። ስለ ትራንስጀንደር ገለጻ መስጠት አይጠበቅባችሁም፤ "ታካሚን ቁመናውን አይታችሁ አትሳቁ፣ ሽንት ቤት ስትጠየቁ ዝም ብላችሁ አሳዩ" ማለት ይበቃል።

ደረጃ 2፦ አስታማሚውን በዘዴ ማስወጣት

እኛ ጋ ታካሚ ብቻውን አይመጣም። እናት፣ አጎት፣ የሰፈር ልጅ ይከተላል፤ ከሐኪሙ ጥያቄ ግማሹንም የሚመልሰው አስታማሚው ነው። ይህ ፍቅር ነውና አትናቁት። ግን እናቱ አጠገቡ ሆነው፣ አካሉን ራሱን ከሚያውቅበት ጾታ ጋር ለማስማማት ስለሚወስደው ሆርሞን የሚነግራችሁ ሰው አታገኙም።

"ውጡ" ማለት ጥርጣሬ ይፈጥራል። ለሁሉም ታካሚ የሚሠራ ልማድ አድርጉት፦ "እማማ፣ እዚህ ቤት ደንቡ እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ ታካሚውን ብቻ አናግራለሁ፣ ከዚያ እርስዎን እጠራለሁ።" ከዚያ በእርግጥ ጥሯቸው፤ ካልጠራችኋቸው ቤት ሲደርሱ "ምን ስትነግረው ነው እኔን ያስወጣኝ?" የሚል ምርመራ ይከተላል። ቤተሰቡ ሲመለስ ምን እንደምትነግሩ ከታካሚው ጋር አስቀድማችሁ ተስማሙ፦ "ለእናትህ የጨጓራውን ጉዳይ ብቻ ነው የምነግራቸው፤ ይስማማሃል?"

አስተርጓሚ ሲያስፈልግም እንዲሁ ነው። ከገጠር የመጣ ኦሮምኛ ወይም ሶማሊኛ ተናጋሪ ቢሆን ዘመዱን ወይም ጥበቃውን አስተርጓሚ አታድርጉ። አብዛኛው የድሬ ሠራተኛ ሦስቱንም ይናገራል፤ ከታካሚው ሰፈርና ጎሳ ራቅ ያለውን ምረጡ፤ ከተቻለ ታካሚው ራሳቸው ይምረጡ።

ደረጃ 3፦ አጠራር

አማርኛ "አንተ" ወይም "አንቺ" ሳይል አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ አያስኬድም። "እርስዎ" ጾታ ስለማይለይ ጥሩ መውጫ ነው፤ ድሬ ላይ ግን አንቱታ ብዙም አልተለመደም። ሽማግሌውን "አንተ" በሚል ከተማ የ22 ዓመት ልጅ "እርስዎ" ሲባል "ምን አጠፋሁ?" ብሎ ይደነግጣል። ሐረርም ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ሕመሙን ባለቤት አድርጋችሁ ተናገሩ። "ሕመሙ መቼ ጀመረ?"፣ "የትኛው ጋ ይብሳል?"፣ "ምግብ ይበላል?"፣ "እንቅልፍስ?" ይህ ሁሉ ያለ አንተና አንቺ ይሄዳል። ቤቱ ሲረጋጋ ቀለል አድርጋችሁ ጠይቁ፦ "ማን ብዬ ልጥራ?" ብዙ ጊዜ በሚሰጧችሁ ስም ውስጥ መልሱ አለ። ካልጠራ "አንተ ልበል አንቺ?" ማለት ነውር የለውም፤ የሚያስቀይመው ጥያቄው ሳይሆን ሲጠየቅ የሚታየው ፊት ነው። አንድ ጊዜ ከሰማችሁ በዚያው ቀጥሉ። ከተሳሳታችሁ አርማችሁ እለፉ፤ አምስት ጊዜ ይቅርታ መጠየቅ ታካሚውን አጽናኝ ያደርገዋል።

ይህ አጠራር የክፍሉ ውስጥ ስምምነት ነው። ቤተሰቡ ሲገባ በየትኛው እንደምትጠሩ ደግሞ ለብቻው ጠይቁ። ክፍል ውስጥ "አንቺ" የተባለች ሰው እናቷ ፊት "አንቺ" ብትባል ያን ቀን ማታ ቤት ውስጥ የሚደርስባትን አታዩትም።

ደረጃ 4፦ የመጡበትን ጉዳይ አስቀድሙ

ክንዱ የተሰበረ ሰው ክንዱ ነው የተሰበረው። ትራንስጀንደር መሆናቸውን ስናውቅ ሁሉንም ሕመም ከዚያ ጋር ማያያዝ፣ ለጉሮሮ ሕመም የመጣን ሰው ስለ ወሲብ ሕይወቱ ማፋጠጥ የተለመደ ጥፋት ነው። ዋናውን ቅሬታ፣ የጀመረበትን ጊዜ፣ የቀድሞ ሕመም፣ አለርጂን፣ እንደማንኛውም ሰው ውሰዱ። ከዚያ ለራሳችሁ አንድ ጥያቄ አቅርቡ፦ "ስለ ጾታና ስለ አካል ክፍል ማወቄ የዛሬውን ውሳኔ ይለውጠዋል?" ካልለወጠው ደረጃ 5ን ዝለሉት። ለቆዳ ማሳከክ ቅባት አዝዛችሁ መሸኘት ሙሉ ሕክምና ነው።

ደረጃ 5፦ ሁለቱ ጥያቄዎች

ከለወጠው ጥያቄዎቹ ሁለት ናቸው፤ ከየጥያቄው በፊት ምክንያቱ ይነገራል።

"የማዝዘው መድኃኒትና የላብራቶሪው ውጤት በጾታ ስለሚለያይ ነው የምጠይቀው፤ የምትነግረኝ ከዚህ ክፍል አይወጣም። ራስህን እንደ ምን ነው የምታየው? ወንድ፣ ሴት፣ ሌላ?" ቀጥሎ፣ "ስትወለድስ የተመዘገበው ምን ተብሎ ነው?"

ሁለት ብቻ። "ከመቼ ጀምሮ?"፣ "ማን አስተማረህ?"፣ "ውጭ አገር ሰው ታውቃለህ?"፣ "ቀዶ ጥገና ልታደርግ ነው?" የሚሉት የእኛ ጉጉት እንጂ የታካሚው ጉዳይ አይደሉም። መመለስ ካልፈለጉ ተዉት፤ ያለ እሱ ማድረግ የምትችሉትን አድርጉና "በኋላ ልትነግረኝ ትችላለህ" በሉ።

ደረጃ 6፦ የትኛው አካል አለ? የትኛው የለም?

ነፍስ የሚያድነው ይህ ደረጃ ስለሆነ ረዘም አድርጌ እቆይበታለሁ።

በ2019 እ.ኤ.አ. በአንድ የታወቀ የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጉዳይ አለ። የ32 ዓመት ሰው በከባድ የሆድ ሕመም ድንገተኛ ክፍል ይመጣል። መዝገቡ ወንድ ይላል። ትራንስጀንደር መሆኑን፣ ቤት ያደረገው የእርግዝና ምርመራም አዎንታዊ መሆኑን ራሱ ለነርሷ ተናግሯል። ሆኖም ሁኔታው አስቸኳይ አይደለም ተብሎ ይቆያል። ሰዓታት ካለፉ በኋላ ሲመረመር እርግዝናው የገፋ ሆኖ ይገኛል፤ እትብቱ ቀድሞ ወጥቶ ነበር፤ ሕፃኑ ሞቶ ተወለደ። ነርሷ ክፉ አልነበረችም፣ የሚነገራትንም ሰምታለች፤ "ወንድ" የሚለው ቃል ግን የሰማችውን በቦታው እንዳታስቀምጠው ከለከላት።

ስለዚህ ከጾታ ስም ይልቅ አካሉን ቁጠሩ፦ ማህፀንና የማህፀን በር፣ እንቁልጢ፣ ጡት፣ የዘር ፍሬ፣ ፕሮስቴት። አለ፣ የለም፣ ቀዶ ጥገና ተደርጎለታል። ታካሚው ለአካሉ የሚጠቀመው የራሱ ቃል ካለው እናንተም በዚያው ተጠቀሙ፤ አንዳንዱ "ወር አበባ" የሚለውን ቃል መስማት ይከብደዋልና "ደም መፍሰስ በየወሩ ይታያል?" ይበቃል።

ይህ ድሬዳዋ ላይ ምን ማለት እንደሆነ በወባ እንየው። በ2014 ዓ.ም. ከታየው ወረርሽኝና ስቴፈንሲ የምትባለው ትንኝ በከተማችን ከታወቀች ወዲህ ለትኩሳት ሁሉ መጀመሪያ ወባ ይመረመራል። ቫይቫክስ የሚባለው የወባ ዓይነት ከተገኘ ጉበት ውስጥ የተደበቀውን ለማጥፋት ፕሪማኩዊን እንሰጣለን፤ ፕሪማኩዊን ደግሞ ለነፍሰ ጡር አይሰጥም። ፊት ለፊታችሁ የተቀመጠው ጺማም ልጅ ማህፀን ካለውና ሳትጠይቁ ካዘዛችሁ፣ መድኃኒቱ ሊጎዳ የሚችለው ያላሰባችሁትን ሰው ነው። ራጅም፣ አንዳንድ አንቲባዮቲክም፣ የግፊት መድኃኒቶችም እንዲሁ ናቸው። ማህፀን ላለው፣ ለመውለድ ዕድሜ ላይ ላለና ሊያረግዝ የሚችል ግንኙነት ላለው ሰው ሁሉ የሆድ ሕመም ሲኖር የሽንት የእርግዝና ምርመራ አድርጉ። ቴስቶስትሮን (የወንድ ሆርሞን) መውሰድና ወር አበባ መቆሙ እርግዝናን አይከላከሉም፤ ታካሚው ራሱ ይህን ላያውቅ ይችላል።

ቅድመ ካንሰር ምርመራም በዚሁ ይታሰብ። የማህፀን በር ያለው ሰው ዕድሜው ከ30 እስከ 49 ከሆነ በአገራችን መርሐ ግብር ውስጥ ያለ ነው። ችግሩ ምርመራው የሚሰጠው የእናቶች ክፍል በር ላይ ወንድ መስሎ መቆም ስለማይቻል ነው። ከአዋላጇ ጋር ተነጋግራችሁ ከሥራ ሰዓት መጀመሪያ ወይም መጨረሻ ላይ ቦታ አመቻቹ።

ደረጃ 7፦ መድኃኒት፣ ጫትና ሙቀት

"ምን መድኃኒት ትወስዳለህ?" ሲባል ብዙ ሰው "ምንም" ይላል፤ ሆርሞንን እንደ መድኃኒት አይቆጥረውም። "ከፋርማሲ፣ ከጓደኛ ወይም ከውጭ ያገኘኸው ክኒን፣ መርፌ፣ ቅባት አለ?" ብላችሁ ጠይቁ። እንደ ዱካ ፈላጊ ሳይሆን መድኃኒት እንዳይጋጭ እንደሚፈልግ ሰው።

የሴት መልክ ለማምጣት ያለ ሐኪም የሚወሰደው ብዙውን ጊዜ የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒን ነው። ውስጡ ያለው ኤቲኒል ኢስትራዳዮል ደም በሥር ውስጥ እንዲረጋ የሚያደርግ በመሆኑ በዛሬ አሠራር ለዚህ ዓላማ አይመከርም፤ ሰው ግን በፍጥነት ለውጥ ለማየት በቀን ሁለት ሦስት ይውጣል። በዚህ ላይ የእኛን ከሰዓት ደምሩበት፦ በርጫ ላይ እግር አጥፎ ለሰዓታት መቀመጥ፣ ሲጋራ ወይም ሺሻ፣ ሙቀት፣ የውኃ ማነስ። አንድ እግር ካበጠና ካመመ፣ ድንገት ትንፋሽ ካጠረ፣ ደረት ከወጋ የጡንቻ ሕመም ብላችሁ አትለፉት፤ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ይላክ። "ሁሉንም ዛሬ አቁም" ብሎ መቆጣት ብዙም አይሠራም፤ ቁጥሩን ወደ አንድ መቀነስ፣ ሲጋራውን መተው፣ በየሰዓቱ ተነስቶ መንቀሳቀስ፣ ውኃ መጠጣት፣ ከዚያም ወደ ውስጥ ደዌ ሐኪም መድረስ ሊሰማ የሚችል ምክር ነው።

የወንድ ሆርሞንን ለመግታት ስፓይሮኖላክቶን የሚወስዱም አሉ። ይህ መድኃኒት ፖታሲየምን ከፍ ያደርጋል፤ ኮትሪሞክሳዞል የሚባለው አንቲባዮቲክም እንዲሁ። ኤችአይቪ ያለበት ሰው ኮትሪሞክሳዞል ለመከላከያ እየወሰደ ስፓይሮኖላክቶን ከጨመረበት ፖታሲየሙና ኩላሊቱ መታየት አለበት። ስፓይሮኖላክቶን ግፊት ስለሚያወርድና ሽንት ስለሚያበዛ በግንቦትና በሰኔ የድሬ ሙቀት ራስ ማዞርና መውደቅ ያመጣል፤ ረመዳን ሲጾሙ ወይም ሁለት ወር የሚጠጋውን ዓቢይ ጾም ሲይዙ ደግሞ ይብሳል። ስለ ጾም ጠይቁ፣ ሰዓቱን አስተካክሉ። የቲቢ መድኃኒቱ ሪፋምፒሲን የኢስትሮጅንን መጠን ይቀንሳል፤ ታካሚው "አልሠራልኝም" ብሎ በራሱ እንዳይጨምር ንገሩት።

ቴስቶስትሮን በመርፌ የሚወስድ ከሆነ ደሙ ይወፍራል፤ ሄማቶክሪት (በደም ውስጥ ያለው የቀይ ሴል ድርሻ) ከ54 በመቶ ሲያልፍ መጠኑን መቀነስ ወይም ማቆም ያስፈልጋል። እዚህ ከፍታን አትርሱ፦ ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ናት፣ ሐረር ግን ከ1,800 በላይ ነች፤ ሐረር የሚኖር ሰው ሄማቶክሪቱ መነሻውም ትንሽ ከፍ ይላል። መርፌውን ማን እንደሚወጋውና መርፌ በጋራ መጠቀም እንዳለ ጠይቁ፤ ካለ ሄፓታይተስ ቢ፣ ሲና ኤችአይቪ ይመርመሩ።

ጫትን በተመለከተ "ትቅማለህ?" ብቻ አይበቃም። በቀን ስንት፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት፣ ከዚያ በኋላ ጨብሲ (ምርቃናውን ለመስበር የሚጠጣ መጠጥ) ወይም የእንቅልፍ ክኒን አለ ወይ? ጫት የልብ ምትንና ግፊትን ስለሚጨምር ከምርቃና በኋላ የተለካ ግፊት አያስተማምንም፤ ጠዋት ድገሙት።

ደረጃ 8፦ የግንኙነት ታሪክ

የሚጠየቀው ምክንያት ሲኖር ብቻ ነው፦ ፈሳሽ፣ ቁስል፣ የሽንት ማቃጠል፣ ወይም ምርመራ የጠየቀ ሰው። ስም አትለጥፉ፤ ሕክምናው የሚፈልገው የትኛው አካል ከየትኛው አካል ጋር እንደተገናኘና ኮንዶም መኖሩን ነው፣ ምክንያቱም ናሙናው የሚወሰደው ከዚያ ነው። "ከማን ጋር" የሚል ስም፣ ስልክ፣ ሰፈር አትጠይቁ። የአጋር ሕክምና ካስፈለገ የማሳወቂያ ወረቀቱን ታካሚው ራሱ ይውሰድ። በፈቃድ ወይም በግድ መሆኑን ግን በግልጽ ጠይቁ፤ ከተደፈረ 72 ሰዓት ሳያልፍ የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት መጀመር አለበት፤ ቶሎ በሆነ መጠን ይሻላል።

ደረጃ 9፦ የአካል ምርመራ

መጋረጃ ይዘጋ፣ በር ይቆለፍ። የሚታየውን ክፍል ብቻ ግለጡ፤ የሳንባ ድምፅ ለመስማት ሱሪ አይወልቅም። ምን እንደምታደርጉ አስቀድማችሁ ንገሩ፣ "ልቀጥል?" በሉ፣ "አይ" ሲባል አቁሙ። የብልት ወይም የጡት ምርመራ ካለ ሦስተኛ ሰው ይገኛል፤ ወንድ ይሁን ሴት የሚመርጡት ታካሚው ናቸው። ብዙ ሙስሊም ታካሚዎቻችን በዚህ ጉዳይ ቀድሞም ምርጫ አላቸው፤ ጥያቄው አዲስ አይሆንባችሁም።

ጡትን ለመደበቅ ደረታቸውን በፋሻ ወይም በጨርቅ አጥብቀው የሚያስሩ አሉ። በድሬ ሙቀት ከሥሩ ሽፍታ፣ ፈንገስና የቆዳ መላጥ ይታያል፤ የጎድን አጥንት ሕመምና ትንፋሽ ማጠርም አለ። "አውልቀው" ማለት ለእነሱ "ራቁትህን ሂድ" ማለት ነው። ላስቲክ ፋሻ ሲተነፍሱ ስለማይለቅ እንዲተዉት፣ ጠበቅ ባለ የስፖርት ካናቴራ እንዲተኩት፣ ከ8 ሰዓት በላይ እንዳያስሩ፣ ታስረው እንዳይተኙ፣ ላቡን ታጥበው እንዲያደርቁ ምከሩ። ብልታቸውን ወደኋላ አጥፈው የሚያስሩ ደግሞ የቆዳ ቁስልና የሽንት ኢንፌክሽን ሊኖራቸው ይችላል፤ ሽንት ቤት መሄድ ስለሚያስፈራቸውም ውኃ አይጠጡም። እዚህ ከተማ ይህ ለኩላሊት ጠጠር በቂ ምክንያት ነው።

ማስተማሪያ ሆስፒታል ከሆነ የተማሪውን ነገር አደራ። ስምንት ልጅ አስከትሎ አልጋ ከቦ መቆም ለማንም ደስ አይልም። ለአንድ ተማሪም ቢሆን ፈቃድ ይጠየቅ፤ "ኑ እዩ" ብሎ ባልደረባ መጥራት ደግሞ የሥነ ምግባር ጥሰት ነው።

ደረጃ 10፦ አእምሮና ደኅንነት

የድብርት መጠይቁ ፒኤችኪው 9 በአማርኛ ተተርጉሞ በአገራችን ተሞክሯል፤ ተጠቀሙበት። ራስን ስለ ማጥፋት በቀጥታ ጠይቁ፦ "መኖር አስጠልቶህ ሕይወትህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?" መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልም። አዎ ካሉ፣ እንዴት እንዳሰቡ፣ ቤት ውስጥ የአይጥ መርዝ ወይም ፀረ ተባይ መኖሩን፣ ዛሬ ማታ ከማን ጋር እንደሚያድሩ ጠይቁ፤ ብቻቸውን አትልቀቁ።

ከዚያ የቤቱን ነገር። የሚመታ አለ? በግድ ሊዳር የተያዘ ቀን አለ? ጸበል ወይም ሩቅያ ተወስደው ያውቃሉ፣ እዚያስ ታስረው ወይም ተገርፈው ነበር? ጸበሉንና ሩቅያውን አታጣጥሉ፤ ታካሚው ራሱ አምኖበት ሊሄድ ይችላል። የምንፈልገው ጉዳት መድረሱን፣ መድኃኒት መቋረጡንና ሄደው የነበሩት በፈቃዳቸው መሆኑን ነው። ማንነቱን "የሚቀይር" ሕክምና አለ ብላችሁ ግን ለቤተሰብ ተስፋ አትስጡ፤ እንዲህ ያለ ሕክምና አይሠራም፣ ይጎዳል።

ደረጃ 11፦ ላብራቶሪ

የላብራቶሪ ወረቀት ላይ ወንድና ሴት የሚል ሳጥን አለ፤ ሄሞግሎቢንና ክሬአቲኒን የሚነበቡት በእሱ ነው። ሆርሞን ካልተወሰደ የተወለዱበት ጾታ መለኪያ ይሠራል። ሆርሞኑ ወራት ካለፈው ሄሞግሎቢኑ ወደሚወስዱት ሆርሞን ጾታ ይጠጋል። ለቴክኒሻኑ ታሪክ ማስረዳት አይጠበቅባችሁም፤ "ቁጥሩን ብቻ ስጠኝ፣ ማንበቡን እኔ እሠራዋለሁ" በቂ ነው።

ደረጃ 12፦ ምን ይጻፍ፣ ምን አይጻፍ

ይህን የምታነቡ ብዙዎቻችሁ የምትፈሩት ሕጉን ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 በተመሳሳይ ጾታ ሰዎች መካከል የሚፈጸም ድርጊትን ይከለክላል፤ የሚናገረው ስለ ድርጊት ነው፣ አንድ ሰው ራሱን እንዴት እንደሚያይ አይጠቅስም። በዚያው ሕግ አንቀጽ 399 ደግሞ ሐኪም፣ አዋላጅ፣ ፋርማሲስትና ሌላውም ባለሙያ በሥራው ያወቀውን ምስጢር ቢያወጣ ያስቀጣል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ይጠብቃል። ለታካሚያችሁ ፖሊስ ሁኑ የሚል ነገር በሥራ መዘርዝራችሁ ውስጥ የለም።

ካርድ ግን ይጠፋል፣ ይሰረቃል፣ ዘመድ ያነበዋል። ስለዚህ የሚጻፈው ሕክምናን የሚመራው ነው። "ማህፀን አለ፤ የእርግዝና ምርመራ አሉታዊ"፣ "ኢስትሮጅን ያለው ክኒን በቀን 2 ይወስዳል፤ የደም መርጋት ስጋት ተነግሮታል" ማለት ቀጣዩ ሐኪም የሚፈልገውን ሁሉ ይይዛል። "ታካሚው ትራንስ ነው፣ ከወንዶች ጋር..." የሚለው ምንም አይጨምርለትም፤ ካርዱ በተሳሳተ እጅ ከገባ ግን ሰው ያስደበድባል። ከመጻፋችሁ በፊት ዓረፍተ ነገሩን ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸውና "እንዲህ ልጻፈው?" በሉ። ስለ ታካሚው በሻይ ሰዓት፣ በቴሌግራም ቡድን፣ ስም ሳይጠሩም ቢሆን አታውሩ፤ ድሬ ላይ ስም አያስፈልግም፣ ሰፈሩና ቁመናው ከተነገረ ይታወቃል።

ወደ ድል ጮራ ወይም ወደ ሕይወት ፋና ሆስፒታል ሪፈር ስትጽፉም ይኸው ነው። ወረቀቱን የሚይዘው ብዙ ጊዜ አጎት ነውና ታሽጎ ይሂድ፤ ወረቀት ላይ የማይጻፈውን ታካሚው ፈቅደው ለተቀባዩ ሐኪም በስልክ ንገሩ። ከመላካችሁ በፊት እዚያ የሚቀበለውን ሰው አረጋግጡ፤ አንድ ጊዜ ተዋርዶ የተመለሰ ታካሚ ሁለተኛ ሪፈር አይቀበልም።

ደረጃ 13፦ ቀጠሮ

በአጭሩ ምን እንዳገኛችሁ፣ ምን እንደታዘዘ፣ ቶሎ የሚያስመልሱ ምልክቶች (የእግር እብጠት፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ከባድ የሆድ ሕመም፣ ያልተጠበቀ ደም) ምን እንደሆኑ ንገሩ። ስልክ ከመውሰዳችሁ በፊት ማን እንደሚያነሳው ጠይቁ፤ የእህት ስልክ ከሆነ መልእክቱ "ቀጠሮህ ሐሙስ ነው" ከማለት አይለፍ። ቀጠሮውን ወረፋ በሚያንስበት ሰዓት፣ ከተቻለ ራሳችሁ በምትገቡበት ቀን አድርጉት። ድሬ ላይ ከሰዓት በኋላ ከተማው በርጫ ላይ ስለሚሆን ከ9 ሰዓት በኋላ ያለው ጊዜ ለዚህ ተመራጭ ነው፤ ካርዱንም በዚያው ቀን እናንተው አስወጡት።